ኦካቫንጎ በሐምሌ

ወንድሜ፣ «ሐምሌ ለቦትስዋና ደረቅ ወቅት ነው፤ የኦካቫንጎ ረግረግ ደርቆ ይጠብቀኝ ይሆን?» ላልከው፣ እንዲያውም የሚሞላው ያኔ ነው። ውሃው የሚመጣው ከአንጎላ ደጋ ነው፤ መሬቱ ለጥ ያለ ሜዳ ስለሆነ እዚያ የዘነበው እየተንፏቀቀ ለመድረስ ወራት ይፈጅበታል። ባሕር አይገባም፣ እዚያው ካላሃሪ በረሃ አሸዋ ላይ ተንጣሎ አብዛኛው በትነት ያልቃል። ዙሪያው ደረቅ ስለሚሆን ዝሆኑም ጎሹም ወደ ውሃው ይጎርፋል።

ሞኮሮ ሳትሳፈር እንዳትመለስ። በረጅም እንጨት እየተገፋች የምትሄድ ጠባብ ጀልባ ናት፤ ሞተር ስለሌላት ሸምበቆው ጎኗን ሲያብስ ይሰማሃል። ጉማሬ ግን ቀልድ አያውቅም፣ ባለጀልባው ያለህን ስማ።

ቀኑ ሞቃት ነው። ንጋት ላይ በክፍት መኪና ስትወጣ ግን ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል፤ ወፍራም ጃኬት ያዝ፣ ጓንትም ብትጨምር አትስቅብኝ።