ለልጅ ልጆቼ ዝግባ ብተክል ሞኝነት ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ አዘጋጆች። የምኖረውም የምሰራውም ሐዋሳ ታቦር ነው፣ ወደ ወንዶ ገነት በሚወስደው መንገድ ግን ከአባቴ የወረስኳት ሩብ ሄክታር የማትሞላ መሬት አለችኝ፣ ጓሮው እንሰትና ትንሽ ቡና ነው የቀረው ባዶ ነው፣ እናቴ እዛው ትኖራለች። እኔ ዝግባና ዋንዛ ተክዬበት ለልጅ ልጆቼ እንዲተርፍ ነው የምፈልገው፣ አጎቴ ግን "ዝግባ ተክለህ ማን ሊጠቀምበት ነው፣ ባህር ዛፍ አድርገው ካልሆነም ጫት" ይሉኛል፣ ባለቤቴም ወደሳቸው ታደላለች። ደሞ መሬት የመንግስት ነው እየተባለ ዛፉስ የልጆቼ ይሆናል? (ከታቦር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሞኝነት አይደለም፣ እንዳንተ የሚያስብ በበዛልን። አጎትህም ግን ዝም ብለው አይደለም የሚናገሩት። ዝግባ ለጣውላ እስኪደርስ አንተ ታረጃለህ፣ እስከዛ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ ህመም አለ ሰርግ አለ፣ ሲቸግር ደሞ የሰው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ቆሞ ባለው ዛፍ ላይ ነው። አገር በቀል ዛፍ ከየጓሮው የሚያልቀው ባለቤቱ ጠልቶት ሳይሆን ሌላ የሚሸጥ ነገር ሲያጣ ነው። ስለዚህ ዝግባህን ለልጅ ልጅህ የሚያደርስልህ አጠገቡ ቶሎ ገንዘብ የሚሰጥ ነገር ካለ ነው፣ ይሄን ከምሬ ነው የምልህ።

እኔ ብሆን ከዋንዛ እጀምራለሁ። ዋንዛ ፀሐይ ይወዳል፣ በልጅነቱ ፈጠን ብሎ ያድጋል፣ ነጩን አበባውን ንብ ትወደዋለች፣ ፍሬውን ልጆች ይለቅሙታል፣ ጥላው ለቡና ይሆናል፣ ስለዚህ ቡናህን ወደ ባዶው መሬት ማስፋት ትችላለህ። ዝግባ ደሞ በችግኝነቱ ጥላ ስለሚችል ዋንዛው ከፍ ሲል ከስሩ ታስገባዋለህ። አንድ ዝግባ ብቻ እንዳትተክል፣ ወንዴና ሴቴው የተለያየ ዛፍ ላይ ነው፣ ፍሬ እንዲኖርህ ቢያንስ አምስት ስድስት አድርገው። ዘሩ ጠንካራ ቅርፊት ስላለው ለመብቀል ያስቸግራል፣ ችግኝ ግዛ ነው የምልህ። ዳር ዳሩን የተዳቀለ አቮካዶ አድርግ፣ እሱ በሶስት አራት ዓመት ማፍራት ይጀምራል፣ ባለቤትህንም የሚያሳምናት ይሄ ይመስለኛል።

አተካከሉ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጉድጓዱን ክረምቱ ሳይገባ ቆፍረው፣ ግማሽ ሜትር ያህል ጥልቀትና ስፋት ይኑረው፣ የላዩን ጥቁር አፈር ለብቻ አስቀምጠህ ስትተክል መጀመሪያ እሱን መልስ። ፕላስቲኩን የግድ አውልቀው፣ ከነፕላስቲኩ የሚቀብር አለ እኮ! ስታወልቀው ሥሩ ከታች ክብ ሰርቶ ተጠማዞ ካገኘኸው ያንን የተጠመጠመውን በስለት ቁረጠው፣ እንዲሁ ከተከልከው ዛፉ ሲያድግም ሥሩ እርስ በርሱ እንደተናነቀ ይቀራል። ሐምሌ ላይ መሬቱ በደንብ ሲረጥብ ትከል። ከዛ በኋላ ጠላትህ ፍየል ነው፣ እያንዳንዱን ችግኝ በእሾህ ወይ በአጥር ከልልለት፣ የመጀመሪያው በጋ ላይም ውሃ የሚያጠጣ ሰው ይኑር፣ እናትህን ብቻ አታድክማቸው፣ ለጎረቤት ልጅ ትንሽ ብር እየከፈልክም ቢሆን።

መሬቱን በተመለከተ፣ ህገ መንግስቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግስትና የህዝብ ነው ይላል፣ እዛው አንቀጽ ላይ ግን በጉልበትህና በገንዘብህ መሬቱ ላይ ያፈራኸው ቋሚ ንብረት ያንተ ነው፣ ማውረስም ትችላለህ። የደን አዋጁም (ቁጥር 1065/2010) የግል ደን ባለቤትነትን ያውቃል። አንተ ማድረግ ያለብህ የይዞታ ደብተሩ ባንተ ስም መዞሩን ማረጋገጥ ነው፣ አሁንም በአባትህ ስም ከሆነ ከችግኙ በፊት እሱን ጨርስ፣ የወንድምና እህት ክርክር ስንት ዛፍ አስቆርጧል። የተከልከውንም ለቀበሌው ግብርና ባለሙያ አሳውቅ፣ ነገ ጣውላ ቆርጠህ ስታጓጉዝ ከየት አመጣኸው መባልህ አይቀርም።

ችግኝ መርጠህ ከመግዛትህ በፊት ወንዶ ገነት ደን ኮሌጅ ጎራ በል፣ ቅርብህ ነው፣ ያደገ ዝግባ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ እዛው ደኑ ውስጥ ታየዋለህ፣ ልጆችህንም ይዘህ ሂድ። ለአጎትህ ደሞ ከምንጭና ከጎረቤት ማሳ የራቀች አንድ ጥግ ለባህር ዛፍ ስጣቸው፣ በአምስት ዓመት አካባቢ ለአጣና ይደርሳል፣ ተቆርጦም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል፣ ቤት ስታድሱ እንኳን ዋንዛው ላይ መጥረቢያ አይነሳም።