ግቢ ውስጥ የተገኘ ራስቤሪ፦ ዝርያው በምን ይለያል? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፣ ከሱሉልታ፦ ቤቱን ስንገዛ አጥሩ ሥር እሾሃማ ተክል ነበር፤ ቀይ ፍሬ ያፈራል። ራስቤሪ ነው ወይስ የጫካ እንጆሪ?

መልስ፦ የጫካ እንጆሪ ያሉት በኦሮምኛ ጎራ የሚባለውን ከሆነ (ገበያ ላይ እንጆሪ የሚባለው ሌላ ነው) የራስቤሪ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ በቀላሉ ያሳስታል። መጀመሪያ የበሰለ ፍሬ ይልቀሙ። ነጩ እምብርት ተክሉ ላይ ቀርቶ ፍሬው እንደ ትንሽ ቆብ ክፍት ሆኖ ከወጣ ሌላው የራስቤሪ ዘመድ፣ ብላክቤሪ የሚባለው፣ አይደለም፤ የብላክቤሪ እምብርት ከፍሬው ጋር ይመጣል። ቀጥሎ እሾሁን ይዩ። የቀይ ራስቤሪ እሾህ ቀጭንና ቀጥ ያለ ነው፤ አገዳውም ቀጥ ብሎ ያድጋል፣ ከሥሩም ራቅ ብሎ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። የጫካው እሾህ ጠንካራና እንደ መንጠቆ የታጠፈ ነው፤ ተክሉም ሌላው ላይ እየተንጠላጠለ ይወጣል። የቅጠሉ ጀርባ መንጣት ብቻውን አይለይም፤ ሁለቱም ላይ ይታያል።

ጥያቄ፣ ከቡራዩ፦ የእኔ ቀልቶ ቆይቶ ይጠቁራል።

መልስ፦ አገዳውን በጣትዎ ይሹት። አመድ የመሰለ ነጭ ሽፋን ከለቀቀ፣ ቅጠሉ ከ5 እስከ 9 ንኡስ ቅጠል ካለው፣ ፍሬውም ግራጫ ጸጉር ከለበሰ፣ ማይሶር የሚባለው የእስያ ራስቤሪ ሳይሆን አይቀርም። ብርድ ስለማይፈልግ በደንብ ያፈራል።

ጥያቄ፣ ከለገጣፎ፦ ቀይ ራስቤሪ መሆኑን አረጋግጫለሁ። ሄሪቴጅ የሚባለው ዝርያ ነው ወይስ ኦተም ብሊስ?

መልስ፦ ከስሙ በፊት የአፈራሩን ዓይነት ይወቁ፤ የሚገረዘው በዚያ ነው። ከመሬት ብቅ ያሉ 5 ቀንበጦች ላይ ክር አስረው ቀኑን ይጻፉ። በዚያው ዓመት ጫፋቸው ላይ ካበቡ ሄሪቴጅና ኦተም ብሊስ ካሉበት ወገን ነው። በሁለተኛው ዓመት ከጎን ቅርንጫፍ ብቻ ካፈሩ ቱላሚን እንደሚባለው ዝርያ ያለ ነው። የዚህኛው ወገን አብዛኞቹ ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ብዙ መቶ ሰዓት ብርድ ይፈልጋሉ፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊታችን ቢቀዘቅዝም ቀኑ ስለሚሞቅ አይበቃቸውም። ቅጠሉ ለምልሞ አበባ የሚያጡት ለዚህ ነው።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ሄሪቴጅ በ1969 እ.ኤ.አ. ከኒውዮርክ የወጣ ነው፤ ፍሬው መካከለኛ፣ አፈራሩም ዘግየት ያለ። የእንግሊዙ ኦተም ብሊስ ቀድሞ ያፈራል፣ ፍሬውም ተለቅ ይላል። ግን ውሃ ያነሰው ኦተም ብሊስ ሄሪቴጅ ይመስላል፤ ስለዚህ በመጠን ብቻ አይፍረዱ። ስሙ የታወቀ ችግኝ አጠገቡ ተክለው ሁለት ምርት ያስተያዩ። ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጠው የዘረመል ምርመራ ብቻ ነው።

ጥያቄ፣ ከሰበታ፦ ፍሬው ቢጫ ነው፤ ሳይበስል ነው?

መልስ፦ ሲነኩት ከለቀቀ በስሏል። ቀዩን ቀለም ያጡ ዝርያዎች አሉ።

ጥያቄ፣ ከቡራዩ፦ ስለቅመው ይበታተናል። የዝርያው ጠባይ ነው?

መልስ፦ በአብዛኛው አይደለም። የፍሬው እያንዳንዷ ቅንጣት ለብቻዋ የአበባ ብናኝ ሊደርሳት ይገባል፤ በክረምት ዝናብ ንብ ስለማይወጣ ፍሬው ይጎድላል። በበጋም ንብ እያለ ከተበታተነ ቫይረስ ይጠርጥሩ፤ ከዚያ ተክል ለጎረቤት ችግኝ አይስጡ።

ጥያቄ፣ ከሱሉልታ፦ ዓይነቱን ሳላውቅ ልቁረጠው?

መልስ፦ ሁሉንም አይቁረጡ። አፍርቶ የደረቀውን አገዳ ከሥሩ ያንሱ፤ ከቀሩት ግማሹን ከመሬት 5 ሳንቲሜትር ላይ ቆርጠው ግማሹን ይተዉ። የተቆረጠው እንደገና በቅሎ በዚያው ዓመት ካፈራ ለሚቀጥለው ሁሉንም መቁረጥ ይችላሉ። መሬትዎ መረሬ ከሆነ ግን አስቀድመው 30 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ መደብ ይሥሩለት፤ ውሃ የተኛበት ሥር ክረምቱን ሳይወጣ ይበሰብሳል።