ለጮቄ አንድ ሌሊት ጨምሩ

ክረምቱ ሲወጣ የእኔ ስልክ ሥራ ይበዛበታል። በዚህ ሰሞን የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ናቸው። ጎጃም ወጥተን ተራራ ማየት እንፈልጋለን፣ ገንዘባችን ግን ትንሽ ነው። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ ጠቅልዬ መልሻለሁ። ደብረ ማርቆስ የምኖር ሰው ስለሆንኩ ትንሽ አዳላለሁ። እሱን አውቃችሁ አንብቡ።

"ሦስት ጓደኛሞች ነን። የአራት ቀን ፈቃድ አለን። በሕዝብ ትራንስፖርት ሄደን ጮቄን፣ ግሽ ዓባይን፣ ጢስ ዓባይንና የጣናን ገዳማት ማዳረስ እንችላለን?" (ከአዲስ አበባ)

ማዳረስስ ትችሉ ይሆናል። ማየት ግን አትችሉም። አራት ቀን ሙሉ የምታዩት የአውቶቡስ መጋረጃ ነው።

እስቲ ቁጭ ብለን እናስላው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ባሕር ዳር ለመድረስ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ይላል። ግሽ ዓባይ ደግሞ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ የሚገባ ነው። በዚያ ላይ የእኛ አገር መኪና የሚነሳው ሲሞላ ነው። ከአራቱ አንዱን ምረጡ። ተራራ ካላችሁ ጮቄ ነው።

የመጀመሪያው ቀን መንገድ ነው ብላችሁ አትዘኑ። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታችሁ ጎሃ ጽዮን ስትደርሱ ጃኬታችሁን እንደደረባችሁ ናችሁ። ዓባይ በረሃ መውረድ ስትጀምሩ ግን አንድ በአንድ ማውለቅ ነው። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጠመዘዛል። ጆሮ ይደፈናል። ረዳቱ ሳይጠየቅ ፌስታል ያድላል፤ ለምን እንደሆነ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ይገባችኋል። ታች ስትደርሱ ሁለት ድልድዮች ታያላችሁ። አዲሱ በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው ነው። ጥበቃዎቹን ሳትጠይቁ ስልካችሁን አታውጡ። ከዚያ ደግሞ ሽቅብ ወደ ደጀን። ደጀን የነጭ ጤፍ አገር ነውና ምሳችሁን እዚያ ብሉ፣ እንጀራውን ታመሰግኑኛላችሁ።

ማታ ማርቆስ እደሩ። በማግስቱ ጠዋት ከመናኸሪያ ወደ ሮብ ገበያ የሚሄድ ሚኒባስ ያዙ። በገበያ ቀን መኪና እንደልብ ነው፤ በሌላ ቀን ግን ጠብቃችሁ ነው። ሮብ ገበያ የስናን ወረዳ ከተማ ናት። ከእሷ ወደ ላይ መንገዱ ጮቄን አቋርጦ ወደ ድጓ ጽዮንና ወደ ሞጣ ይዘልቃል። ስለዚህ ብዙ ሳትደክሙ ተራራው መሃል ትገባላችሁ ማለት ነው። ጫፉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ያደርገዋል። ማርቆስ ቁርስ በልቶ፣ ተራራው ጋ 5 ሰዓት ደርሶ፣ ነጭ ጉም ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። ጮቄ የሚታየው በጠዋት ነው። ረፋድ ላይ ጉሙ ከሸለቆው መውጣት ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ እንደ ዕድላችሁ ነው። ሮብ ገበያ ቀለል ያለ አልጋ ይዛችሁ እደሩ። ሻወር አትጠብቁ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። ሙጋ፣ ሱሃ፣ ጨሞጋ፣ ተምጫ ሁሉም ከዚህ ተራራ ወርደው ዓባይን የሚሞሉ ናቸው። በዚያ ሰዓት እግራችሁ ሥር ሣሩ ውስጥ ውኃው ሲንሿሿ ትሰማላችሁ። ለዚህ ነው አንድ ሌሊት ጨምሩ የምለው። በአራተኛው ቀን ወደ ቤታችሁ።

ባሕር ዳርን ለሌላ ፈቃድ አቆዩት።

"ሁሉም ጥሩ፤ መንገዱ ሰላም ነው ወይ?" (ከአዳማ፣ ከደሴ፣ ከሌሎችም)

ይህን ጥያቄ ዘልዬው ብሄድ አታለልኳችሁ ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የጎጃም መንገድ አንድ ሳምንት ክፍት፣ በሌላው ዝግ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ዛሬ የምጽፈው ለነገ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ማታ እዚያው ቦታ ላለ ሰው ደውሉ። ትኬት ለሚሸጥ ሰው አይደለም፤ እሱ ሁልጊዜ "ሰላም ነው" ነው የሚላችሁ። ዘመድ ከሌላችሁ የምታድሩበትን አልጋ ቤት ጠይቁ። መታወቂያ ያዙ። ከመሸ አትንቀሳቀሱ። የማይመለስ ቀብድ አትክፈሉ። አትምጡ ካሏችሁ ደግሞ አትምጡ። ተራራው የትም አይሄድም።

"አስጎብኚ ድርጅት ሁሉን ያካተተ ብሎ ዋጋ ነገረን። መምህራን ነን፣ አሥር ነን። እንክፈል ወይስ ራሳችን እናዘጋጅ?" (ከሐዋሳ)

"ሁሉን ያካተተ" የሚለውን ቃል ስሰማ ኪሴን እዳብሳለሁ። አንድ ጊዜ እኔም ከፍዬ ነበር። ጣና ዳር ስንደርስ ጀልባው አልተካተተም ተባለ። የገዳማቱ መግቢያም እንዲሁ። ምሳውስ? "ቁርስ ነው ያካተትነው" አሉን። ቁርሱ ሻይና ዳቦ ነበር።

አሥር ሰው ካላችሁ ራሳችሁ ብታዘጋጁ ይሻላል። ሚኒባስ በቀን ተከራዩ። ስትነጋገሩ ሦስት ነገር በግልጽ ጠይቁ። ነዳጁ በማን ነው? የሾፌሩ አበልና አልጋስ? መኪናው ቢበላሽ ሌላ ማን ያመጣል? መልሱን በጽሑፍ አድርጉት፣ በቴሌግራምም ቢሆን። አስጎብኚ ያስፈልገናል ካላችሁ የአካባቢውን ልጅ እዚያው ያዙ። መንገዱን ያውቃል፣ ገንዘቡም እዚያው ይቀራል።

ጣና ላይ ደግሞ አንዲት ምክር። ጀልባ ብዙውን ጊዜ የሚከፈልበት በጀልባው እንጂ በሰው ቁጥር አይደለም። እናንተ አሥር ስለሆናችሁ ችግር የለም። ሁለት ሆነው የሚሄዱ ግን ጠዋት ወደቡ ጋ ቆመው ወደ ዘጌ የሚሄድ ሌላ ሰው ቢፈልጉ ዋጋው ይካፈላል። እኔ አንዴ ከሙሽሮች ጋር ተዳብዬ ሄጃለሁ። እነሱ ብዙም አልወደዱኝም።

"አባቴ 68 ዓመታቸው ነው፣ ደም ግፊት አለባቸው። ልጅ ሳሉ ያዩትን ጎጃም ማየት ይፈልጋሉ። ጮቄ ይከብዳቸዋል?" (ከድሬዳዋ)

እህቴ፣ መጀመሪያ ሐኪማቸውን ጠይቂ። እኔ ጋዜጣ ጸሐፊ ነኝ።

ሐኪሙ ከፈቀደ ግን እንዲህ አድርጊ። ድሬዳዋ ቆላ ነው። ከዚያ ተነስቶ በአንድ ቀን 4,000 ሜትር ላይ መውጣት ለጎረምሳም አይመከርም። ማርቆስ ሁለት ሌሊት ይደሩ፤ ከተማው ራሱ ደጋ ስለሆነ ሰውነታቸው ይለምዳል። ጮቄ ላይ መኪናው እስከሚሄድበት ድረስ በመኪና ይውጡ፣ ከዚያ ጥቂት እርምጃ። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ የከፍታ ሕመም ሊሆን ይችላልና ሳትከራከሩ ወደ ታች ውረዱ። "አረቄ ያሞቃል" የሚል ሰው አይጠፋም። አመስግነሽ አሳልፊው።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ለእሳቸው ዘንገና ይሻላል። እንጅባራ አጠገብ ከዋናው መንገድ ጥቂት ወረድ ብሎ ያለ ሐይቅ ነው። የድሮ እሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተኛ፣ ዙሪያውን ዛፍ የከበበው፣ ክብ። ሽቅብ መውጣት የለም። ጥላ ሥር ተቀምጠው በሶ እየበሉ የልጅነታቸውን ሲያወሩ፣ የጉዞው ደስታ ያ ነው።

"መስከረም ወይስ ጥር?" (ብዙ ሰው)

አረንጓዴ፣ አደይ አበባና ሙሉ ፏፏቴ ከፈለጋችሁ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት። በተለይ ጢስ ዓባይ፣ ውኃው ለመብራት ኃይል ስለሚጠለፍ በበጋ ሄዳችሁ ቀጭን ጅረት አይታችሁ "ይሄ ነው?" እንዳትሉ። መንገዱ ግን ገና ጭቃ ይሆናል።

ሰውና በዓል ከፈለጋችሁ ጥር። ጥር 11 ጥምቀት ነው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል አለ። ያጌጡ ፈረሶች ሜዳውን ሲሞሉት የማይነካው ልብ የለም። አልጋ ግን ቀድማችሁ ያዙ፤ በዚያ ሰሞን ኮሪደርም ይከራያል።

"ምን እንልበስ?" (ከአዲስ አበባ)

ይህንን እንኳ ከእኔ ተማሩ። መጀመሪያ ጮቄ የወጣሁት በጅንስና በስኒከር ነው። ማርቆስ ፀሐይ ነበር። ላይ ስንደርስ ጉሙ ወረደና ከፊቴ ያለውን ሰው ጀርባ ብቻ ማየት ጀመርኩ። ጉም አያረጥብም ያለ ማን ነው? ቅንድቤ ላይ ተጠራቅሞ ይንጠባጠባል። ጅንሱ ረጥቦ እንደ ቆርቆሮ ደረቀ። ጣቶቼ የስልኬን ቁልፍ መጫን አቃታቸው።

አንዲት እናት ጎጇቸው አስገቡኝ። ባናቸውን አውጥተው ጣል አደረጉብኝ። ባና የማታውቁ ካላችሁ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ነው፤ ይከብዳል፣ ጢስ ጢስ ይላል፣ ግን በአምስት ደቂቃ ነፍስ ይመልሳል። "ልጄ፣ ደጋ እኮ ነው የመጣኸው" አሉኝ፤ ከዚያ በላይ አልወቀሱኝም። ከእሳቱ ዳር ድንች አወጡ። ዐመዱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው፣ ለሁለት ገምሰው፣ ጨው ነስንሰው ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ድንች በላሁ ብል ውሸት ነው።

ስለዚህ፦ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ከሥሩ ሹራብ፣ ከሱሪ ሥር ታይት፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ፣ የማያንሸራትት ጫማ። ለሌሊት ጋቢ። ኮፍያና ቫዝሊን አትርሱ፤ ደጋ ላይ ብርዱ እያለ ፀሐዩ ከንፈር ይሰነጥቃል። ጅንሱን ለባሕር ዳር አስቀምጡት።

"ባለቤቴ የውጭ አገር ሰው ነው። የዓባይን መነሻ ላሳየው እፈልጋለሁ። እኔ ሴት በመሆኔ የማልገባበት ቦታ አለ?" (ከጀርመን)

ግሽ ዓባይ ሰከላ ውስጥ ነው፣ ከቲሊሊ ተገንጥላችሁ ትሄዳላችሁ። አስቀድመሽ ለባለቤትሽ ንገሪው። ምንጩ ትንሽ ነው። የዓለምን ረጅም ወንዝ ጅማሬ አስቦ የመጣ ሰው ውኃ የቋጠረች ጉድጓድ አይቶ ይደነግጣል። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጀምስ ብሩስ ደግሞ በ1770 ያንን ሁሉ አገር አቋርጠው የመጡት እሷኑ ለማየት ነው። ከእሷ የሚነሳው ግልገል ዓባይ ጣና ይገባል፣ ከጣና ደግሞ ትልቁ ዓባይ ይወጣል።

ለአገሩ ሰው ግን ቦታው ከሁሉ በፊት ፀበል ነው። ስለዚህ ወደ ፀበሉ የሚቀርብ ሰው በባዶ ሆዱ ነው፣ ጫማውንም ያወልቃል። በጠዋት ሂዱ፣ ቁርሱን ከዚያ በኋላ ብሉ። ነጠላ ያዢ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ካህናቱን ጠይቁ። ጣና ላይ ክብራን ገብርኤል ሴት አያስገባም። ዘጌ ያለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ትገቢያለሽ፤ የግድግዳ ሥዕሏ ደግሞ ከየትም አያንስም። ከዘጌ ቡና ገዝተሽ ተመለሽ።

"ኤቲኤም አለ?" (ከጅማ)

ማርቆስ አለ። ተራራው ላይ ጥሬ ብር ነው፣ እሱም ዝርዝር።

"እንደ ጅብራ ተገተረ እንላለን። ጅብራ ግን አይቼ አላውቅም። ጮቄ ላይ ካለ ነቅዬ ግቢዬ ልተክለው እችላለሁ?" (ከደብረ ብርሃን)

አለ። ሲያዩት አባባሉ ይገባል። ሣሩ ሁሉ ተኝቶ እሱ ብቻውን ቀጥ ብሎ፣ ከሰው ቁመት በላይ፣ ጉም ውስጥ ይገተራል። ከሩቅ ሰው መስሎኝ "እንደምን አደሩ" ብየዋለሁ። ብዙ ዓመት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቆይና በዕድሜው አንድ ጊዜ ያብባል። ካበበ በኋላ ይሞታል። ስለዚህ የነቀልከው ጅብራ ያን አንድ አበባ ሳያይ ይቀራል። ደግሞ ከዚያ ብርድ አውጥተህ ግቢ ውስጥ ብትተክለው አይበቅልልህም። ጎረቤቴ ሞክሮታል፤ አሁን እንጨቱ ላይ ልብስ ያሰጣል።