አረንጓዴ ቅጠል ከመሳላችሁ በፊት

ውድ የዲዛይን ተማሪዎች፣ እነሱን ለማስተማር ገና አሁን ጠመኔ የያዛችሁ ወጣት መምህራንም፣

ግራፊክ ዲዛይን ስሠራና ሳስተምር ጸጉሬ ሸብቷል። ስለ አካባቢ ጥበቃና ስለ ዘላቂነት ፖስተር ሥሩ ሲባል ብዙው ተማሪ ምን ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ምድርን ያቀፉ ሁለት እጆች፣ አምፖል ውስጥ የበቀለ ችግኝ፣ አረንጓዴ ቅጠል። ሥዕሎቹ ያምራሉ። ግን ያየው ሰው ምን እንዲያደርግ እንደተፈለገ አይገባውም። አይቶ ያልፋል።

እስቲ ስለ አንድ ተማሪ ላውጋችሁ። ዕቃ ተመልሶ ጥቅም ላይ እንደሚውል የሚያመለክቱትን፣ እርስ በርስ የሚከታተሉትን ሦስት ቀስቶች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። የሳላቸው ጋሪ አንደርሰን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1970፣ የምድር ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በተከበረበት ዓመት፣ የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ዕድሜው 23። አንድ ትልቅ የካርቶን አምራች ኩባንያ ለተማሪዎች ውድድር አወጣና እሱ አሸነፈ። ምልክቱ ማንም በነጻ የሚጠቀምበት ሆነና ዓለምን አዳረሰ።

ከዚያ የመጣውን ደግሞ ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1988 የአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ማኅበር ከ1 እስከ 7 ያሉ ቁጥሮችን በቀስት ሦስት ማዕዘን ውስጥ አስገባ። ቁጥሩ የሚናገረው ዕቃው ከምን ዓይነት ፕላስቲክ እንደተሠራ ብቻ ነው። ሰው ግን ቀስቱን ሲያይ «ይሄ ተመልሶ ጥቅም ላይ ይውላል» ብሎ አመነ። ብዙዎቹ ዓይነቶች ግን በተግባር የሚቀበላቸው የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 መስፈርቱ ተቀይሮ ቀስቱ ተራ ሦስት ማዕዘን እንዲሆን ተደረገ። አሮጌው ምልክት ዛሬም ዕቃዎች ላይ አለ። አንድ ጥሩ ሥዕል ያለቦታው ሲገባ ስንት ሰው እንደሚያሳስት ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም። ለዚህ ነው አረንጓዴ ቅጠል ስትስሉ የምቆጣው። ቅጠሏ ለተመልካቹ ቃል ትገባለች። ቃሉን የሚጠብቀው ማነው?

ስለዚህ እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት ዕቃውን ተከተሉት። እኔ ለተማሪዎቼ የምሰጠው የቤት ሥራ ይሄው ነው። ላውንጅ ውስጥ ተጠጥቶ የተጣለ አንድ ሃይላንድ ያዙና እስከ መጨረሻው ሂዱ እላቸዋለሁ። ማን ያነሳዋል? ለማን ይሸጠዋል? በኪሎ ነው በፍሬ?

አንዲት ተማሪዬ ከግቢው በር ውጭ ፕላስቲክ የሚሰበስቡ አባባ ጋ ተቀምጣ ዋለች። ሰውየው እያንዳንዱን ጠርሙስ አንስተው ክዳኑን ይፈታሉ፣ በተረከዛቸው ይረግጡታል፣ ማዳበሪያ ውስጥ ይከቱታል። ክዳኑ ካልተፈታ አየሩ አይወጣም፤ ጠርሙሱ አይጨፈለቅም። ማዳበሪያው ቶሎ ይሞላና አየር ተሸክመው ይሄዳሉ። ደግሞ ክዳኑ የተሠራበት ፕላስቲክ ከጠርሙሱ የተለየ ነው። ልጅቷ ፖስተሯን በዚህ ላይ ሠራች። ክዳን የምትፈታ እጅ፣ የሚረግጥ እግር፣ የሞላ ማዳበሪያ። ሦስት ሥዕል ብቻ። ረቂቁን ወስዳ አባባን አሳየቻቸው። ጥግ ላይ ያስቀመጠቻቸውን ቀስቶች «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አሏት። እግሩን ግን ወዲያው አወቁት። ቀስቶቹን አወጣቻቸው።

ቁጥር በሥዕል ስታሳዩም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቁጥርን በሥዕል በማሳየት የሚታወቀው ኦስትሪያዊው ኦቶ ኖይራት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ቪየና ውስጥ ባቋቋመው ሙዚየም አንድ ቀላል ሕግ ነበረው፤ ብዛት የሚታየው ምልክቱን በመደጋገም እንጂ በማሳደግ አይደለም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቆሻሻው በእጥፍ ጨመረ ለማለት የጠርሙሱን ቁመትም ወርድም እጥፍ ካደረጋችሁት ስፋቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ዓይን አራት ያያል። ለበጎ ዓላማ ቢሆንም ውሸት ነው፤ የነቃ ሰው ከደረሰባችሁ ደግሞ እውነቱንም አያምናችሁም።

አሁን ወደ ባነር ልምጣ፤ እዚህ ላይ ሆዴን ይበላኛል። ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። «ፌስታል ይቅር» የሚል መልእክት ግን አሁንም በፕላስቲክ ባነር ታትሞ አጥር ላይ ይሰቀላል። ባነሩ የፖሊስተር ጨርቅ በፒቪሲ ተለብጦ የተሠራ ነው። ሁለቱን መለያየት ስለሚከብድ አቅልጦ እንደገና ሌላ ዕቃ የሚሠራበት እምብዛም የለም። ከተቃጠለ ጭሱ መርዝ ነው። የሚሻለው ዕድሉ የጉልት ሻጭ ጥላ ወይም የቤት ጣሪያ መሸፈኛ መሆን ነው።

መምህራን፣ ውጤት ስትሰጡ ስለ ውበቱ ብቻ አትጠይቁ። በምን ላይ ይታተማል? ስንት ቀን ይሰቀላል? ሲወርድ የት ይገባል? መልስ የሌለው ተማሪ ሥራውን አልጨረሰም።

ተማሪዎች፣ የምረቃ ወይም የእንኳን ደህና መጣችሁ ባነር ሥሩ ስትባሉ አሠሪውን አንድ ነገር አግባቡት። ዓመተ ምሕረቱንና የእንግዳውን ስም ከዋናው ጽሑፍ ለዩት። በትንሽ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ይጻፍና በመንጠቆ ይያያዝ። ትልቁ ባነር ታጥቦና ተጠቅልሎ ለከርሞ ይቀመጣል፤ የሚቀየረው ቁራጩ ብቻ ይሆናል። ለአሠሪው ወጪውን አስልታችሁ በወረቀት አሳዩት።