የድሮ ሞተር የፊት ሾክ ቫልቭ ቶርኖ ቤት ይሠራል ወይ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ የቆየ ቁስሌን ቀሰቀሰው። ከአባትህ የተረከብካት ያማሃ ዲቲ 125 ፍሬን ስትይዝ አፍንጫዋን ትደፋለች፤ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ እጅህን እስከ ትከሻህ ድረስ ታነዝርሃለች። «ዘይቱን ላወፍረው ወይስ ቶርኖ ቤት ሄጄ ቫልቭ ላሠራ?» ብለሃል። ቫልቭ ማሠራት ይቻላል። እኔ ለራሴና ለጓደኞቼ ለአራት ሞተሮች ሠርቻለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥንዶች ግን ዛሬም የማይረቡ ሆነው መሳቢያዬ ውስጥ ተቀምጠዋል። ከተሳካው ይልቅ ከመሳቢያው ብዙ ስለተማርኩ፣ መልሴ ውስጥ እነሱ በዛ ብለው ቢገኙ አትገረም።

የዘይቱን ነገር ላስቀድም። ወፍራም ዘይት አፍንጫ መድፋቱን ትንሽ ይቀንስልሃል፤ ንዝረቱን ግን ያብስብሃል። ሁለቱ ችግሮች ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ እናታቸው አንዲት ናት፤ መጠኑ የማይለወጥ ቀዳዳ። በእነዚህ ሞተሮች የሾክ እግር መሀል፣ ከታችኛው የአሉሚኒየም ክፍል ጋር በብሎን የታሰረ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ዘንግ ቆሟል። ከግርጌው ሰፋ ያሉ ቀዳዳዎች አሉት፣ ከአናቱ አጠገብ ደግሞ ጠባብ ቀዳዳ። ጎማው ወደ ላይ ሲገፋ ዘይቱ በግርጌው ቀዳዳዎች ገብቶ በዘንጉ ውስጥ ሽቅብ ይወጣል። ሾኩ ሲመለስ ደግሞ ሌላው ዘይት በአናቱ ጠባብ ቀዳዳ እየተጨነቀ ያልፋል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ዘይት በቀዳዳ ሲያልፍ የሚፈጥረው ተቃውሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ዘጠኝ እጥፍ። ፍሬን ስትይዝ ሾኩ የሚወርደው በዝግታ ስለሆነ ዘይቱ ማንም ሳይዘው ያልፋል፣ ሞተሯም ትሰግዳለች። የኮብልስቶን ጠርዝ ጎማውን ሲመታው ግን ሁሉም ነገር በቅጽበት ነው፤ ዘይቱ በቀዳዳው ማለፍ ያቅተውና ሾኩ እንደ ደረቅ እንጨት ይሆናል። ዘይቱን አወፈርከው ማለት ይህንኑ እንጨት አጠነከርከው ማለት ነው።

ቫልቩ ይህን ይገለብጠዋል። የግርጌውን ቀዳዳዎች እስከሚበቃ ድረስ አስፍተህ ከጨዋታ ውጭ ታደርጋቸዋለህ፤ በዘንጉ አናት ላይ ደግሞ በትንሽ ሞላ የተያዘ ክዳን ያለው የናስ ቁራጭ ታስቀምጣለህ። ዘይቱ ቀስ ብሎ ሲመጣ በክዳኑ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ብቻ እንዲያልፍ ይገደዳል፤ ስለዚህ ፍሬን ላይ አፍንጫዋ አይደፋም። በኃይል ሲመጣ ግን ክዳኑን ገፍቶ ይከፍትና ይፈስሳል። ሐሳቡ የእኔ አይደለም፤ ሬስ ቴክ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለእንዲህ ዓይነት ሾክ የሚሆን ቫልቭ ሠርቶ መሸጥ ከጀመረ ብዙ ጊዜው ነው። እኔ ቶርኖ ቤት የገባሁት ልኩን የጠበቀ አግኝቶ ከውጭ ማስመጣት ስላዳከመኝ ነው።

ናሱን ከምናለሽ ተራ ነው የምገዛው። የመጀመሪያውን ከአሮጌ የውሃ ቧንቧ መዝጊያ ቆርጬ ነበር፤ ቶርኖው ላይ ሲላጥ ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን አወጣ። በሻጋታ የፈሰሰ ናስ እንዲህ ነው፣ አትመነው። ድፍን ክብ ዘንግ ፈልግ። ቁራጩ በዘንጉ አናት ላይ ሳይወዛወዝ መቀመጥ፣ ዋናው ሞላ ደግሞ በላዩ ላይ መቆም አለበት፤ ስለዚህ ይህን ሁሉ ከያዘው ከላይኛው የሾክ ቱቦ የውስጥ ስፋት ትንሽ ብቻ ያንሳል። ልኩን ከሰው አትቀበል፣ ከእኔም ጭምር። ሞተሮቹ ከዓመት ዓመት ይለያያሉ፤ ራስህ ፈትተህ በካሊፐር (በስፋት መለኪያ) ለካ። አንዳንድ ዘንግ አናቱ ጎድጎድ ያለ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ቫልቩ ያዘነብላልና መቀመጫ የሚሆን ቀለበት አብሮ መላጥ አለበት።

ትልቁ ሥራ ክዳኑና መቀመጫው ፍጹም ጠፍጣፋ ሆነው መግጠማቸው ነው። የመስኮት መስታወት ላይ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አንጥፌ፣ ዘይት ነክቼ፣ ክዳኑን በጣቴ እያዞርኩ አሸዋለሁ። ከዚያ ክዳኑ ላይ ያለችውን ቀዳዳ በሰም እደፍንና ቫልቩን ገጥሜ ከላዩ ነጭ ጋዝ አፈስሳለሁ። በደቂቃ ውስጥ ከታች ከተንጠባጠበ እንደገና ወደ መስታወቱ። አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን በዳር የሚያፈስ ቫልቭ ምንም ዓይነት ሞላ ብትሰጠው ሥራውን አይሠራም።

ክዳኑ ላይ ያለችው ቀዳዳ ከሁሉም በላይ ተንኮለኛ ናት። 2 ሚሊሜትር ስትሆን ስፋቷ 3.1 ካሬ ሚሊሜትር ነው። ወደ 2.5 ስታሳድጋት 4.9 ይሆናል። ግማሽ ሚሊሜትር ጨመርኩ ብለህ ከግማሽ በላይ መንገድ ከፈትክ ማለት ነው። የበሳኸውን ማጥበብ አይቻልም፤ ከትንሹ ጀምር። እኔ ለቀላል ሞተር በ2 ሚሊሜትር ጀምሬ በጥቂቱ አሳድጋለሁ። የትራፓኖው መሰርሰሪያ የተወውን ሻካራ ጠርዝ በደንብ አጥፋው፤ ተላቅቆ የሚቀር ስባሪ የዘይት መከልከያውን ጎማ ይበላዋል።

አሁን የሁለተኛውን ጥንድ ታሪክ ልንገርህ፤ አንተም እዚያው ላይ እንዳትወድቅ። ዘይቱ ሽቅብ የሚወጣበትን መንገድ አሳምሬ ሠርቼ፣ ወደ ታች የሚመለስበትን ንቄው ነበር። ሾኩ ሲዘረጋ የታችኛው ክፍል ባዶ ስለሚሆን ከላይ ያለው ዘይት በፍጥነት ወርዶ መሙላት አለበት። ለዚህ ሁለተኛ ስስ ክዳን ያስፈልጋል፤ ወደ ታች ብቻ የሚከፈት፣ በጣም ደካማ ሞላ ያለው። እኔ ያገኘሁትን ሞላ አስገባሁ፣ ጠንካራ ነበር። ውጤቱ ግራ የሚያጋባ ሆነ፤ የመጀመሪያውን ጉብታ ለስላሳ አድርጋ አለፈች፣ ሁለተኛውን እንደምንም፣ ሦስተኛው ላይ ግን ሾኩ ባዶ እንደሆነ ሁሉ «ቀጭ» ብሎ ወረደ። የዘይት እጥረት መስሎኝ ሦስት ጊዜ ፈታሁት፣ ሦስት ጊዜ ሞላሁት። በመጨረሻ ያለ ዋናው ሞላ ገጥሜ ወለል ላይ በእጄ ስገፋው ነው የገባኝ፤ ወደ ላይ ስስበው አንድ ነገር እንደሚመጥ ዓይነት ድምፅ አሰማ። ዘይቱ አልተመለሰም ነበር። ለዚህኛው ክዳን የሚሆነው ሞላ በትንፋሽ ሊገፋ ጥቂት የቀረው ያህል ደካማ ይሁን።

ዋናውን ክዳን የሚይዘው ትንሽ ሞላ ግን ልኩ ይታወቅ። ሶማሌ ተራ ከአሮጌ ዕቃ ውስጥ የተለያየ ሞላ እመርጥና ቤት ወስጄ በኩሽና ሚዛን እመዝናለሁ። 5 ሚሊሜትር ስጫነው 2.5 ኪሎ ግራም ካሳየ በየሚሊሜትሩ ግማሽ ኪሎ ማለት ነው፤ ለእንዳንተ ዓይነት ቀላል ሞተር ከዚህ አካባቢ ነው የምነሳው። በቫልቩ መሀል አልፎ ይህን ሞላ የሚጫነውን ብሎን 6 ሚሊሜትር አድርገው፤ የተለመደው ጥርሱ በአንድ ዙር ልክ 1 ሚሊሜትር ስለሚሄድ አንድ ዙር ማጥበቅ ግማሽ ኪሎ መጨመር ይሆንልሃል። በሁለት ዙር ጀምር። ዳዶውን በሙጫ ብቻ አትተወው፤ ልኩ ከረጋ በኋላ የብሎኑን ጫፍ በሹል ብረትና በመዶሻ ነቅሰህ ዝጋው።

ዘንጉን ስለመብሳት። ሁለት ባለ 5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ቢኖሩት ድምራቸው 39 ካሬ ሚሊሜትር ነው፤ ይህ ካልሰፋ ቫልቩ ላይ ብትለፋም ዘይቱን የሚያንቀው የግርጌው ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ለትላልቅ ሞተሮች የተለመደው ስድስት ባለ 8 ሚሊሜትር ቀዳዳ ነው፤ ወደ 300 ካሬ ሚሊሜትር ይደርሳል። የዲቲ ዘንግ ቀጭን ስለሆነ እኔ ስምንት ባለ 6 ሚሊሜትር ነው የበሳሁት፣ 226 ይሆናል። ጥንድ ጥንድ አድርገህ፣ እያንዳንዱን ጥንድ ከታችኛው 10 ሚሊሜትር ያህል ከፍ አድርገህና ሩብ ዙር አዙረህ ብሳ፤ አንድ መስመር ላይ ከተደረደሩ ዘንጉ ይዳከማል። ወደ ግርጌው ሰብሰብ ይበሉ። ወደ ላይ ከሸሹ ሾኩ ሲወርድ የመመለሻው ክፍል ውስጥ ገብተው ሌላ ችግር ይፈጥራሉ።

አንድ ነገር አትጠብቅ፤ ይህ ቫልቭ የመመለሱን ፍጥነት አይነካም። እሱ አሁንም በአናቱ ጠባብ ቀዳዳና በዘይቱ ውፍረት ነው የሚገዛው። ስለዚህ ዘይት የምትመርጠው ለመመለሱ ብለህ ይሁን። እኔ የሾክ ዘይት ሳጣ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት እጠቀማለሁ፤ ውፍረቱ ወደ 10 ቁጥር የሾክ ዘይት ይቀርባል፣ ለቀላል ሞተር ይበቃል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዋናው ሞላ እንዳልደከመ አረጋግጥ። ተቀምጠህባት ሾኩ ከጠቅላላ እንቅስቃሴው ከሩብ እስከ ሲሶ ድረስ ከወረደ ጤነኛ ነው። ግማሽ ከደረሰ ቫልቭ አያድንህም፣ ሞላ ለውጥ። ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። የእኔ ቫልቭ 12 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ይህን ያህል ከዋናው ሞላ በላይ ካለው አጭር መሙያ ቱቦ ካልቆረጥክ ሞላውን በ12 ሚሊሜትር አጥብቀህ ትገጥመዋለህ። ከዚያ «ቫልቩ አደረቃት» እያልክ ቶርነኛውን ትወቅሳለህ። እኔ ወቅሼ ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ሦስተኛውን ጥንድ የፈተንኩት ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስወርድ ነው። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት፣ ከላይ ብርድ፣ ከታች እሳት፣ መሀሉን ከባድ መኪና ያጨማደደው አስፋልት። ድሮ በዚያ መንገድ ስወርድ በየኩርባው ደረቴ መሪው ላይ ይደፋ ነበር። ያን ቀን አፍንጫዋ ወርዳ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች፤ ፍሬን እንደያዝኩ የመጣውን የአስፋልት ጉብታም ዋጠችው። ድልድዩን ተሻግሬ ደጀን ከወጣሁ በኋላ ሻይ ይዤ ሾኩን ደጋግሜ በእጄ ስጫን አስተናጋጇ «ተበላሸብዎት?» አለችኝ። ጥቃቅን ንዝረት ግን አልጠፋም ነበር፤ አዲስ አበባ ስመለስ የቫልቩን ብሎን ግማሽ ዙር አላላሁት፣ የክዳኑን ቀዳዳም ወደ 2.2 ሚሊሜትር አሳደግኋት። ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩትም።

ቶርኖ ቤት ከመሄድህ በፊት ሁለቱንም እግር ፍታና የዘንጉን አናት ስፋት፣ የቱቦውን የውስጥ ስፋትና የዋናውን ሞላ የውጭ ስፋት እዚህ ጻፍልኝ፤ ንድፉን በልኩ እሥልልሃለሁ። የአባትህን ዘንጎች ግን አትብሳቸው። ሶማሌ ተራ ሌላ ጥንድ ፈልገህ እነዚያን ብሳ፤ የእሱን ዘንጎች ዘይት በነካ ጨርቅ ጠቅልለህ፣ «ግራ» እና «ቀኝ» ብለህ ጽፈህ አስቀምጣቸው።