መልስ፦ ለቤት የሚሆን፣ ቶሎ የማይበላሽ ማሳጅ ጋን (ጡንቻን እየመታ የሚያሽ በእጅ የሚያዝ ማሽን)

«ሁለተኛው ማሳጅ ጋኔም ጫን ስለው መቆም ጀመረ፤ የሚበረክተው የቱ ነው?» ላልከው፦ ፍጥነቱን ተወውና ሞተሩን እይ። «ብራሽለስ» የሚለውን ምረጥ። ሞተሩ ውስጥ እየተፋተገ የሚያልቅ የካርቦን ብሩሽ ስለሌለው ዕድሜው ይረዝማል፣ ድምፁም ይቀንሳል።

ከመግዛትህ በፊት እንዲህ ፈትሸው፦

1. በመካከለኛ ፍጥነት አብርተህ ጭንህ ላይ ጫን አድርገው። ምቱ ከደከመ ወይም ቀጥ ካለ አትግዛው፤ ጉልበት የለውም ማለት ነው። ያንተ ችግር እዚህ ላይ ነው።
2. የሚመታውን ራስ ነቅለህ መልሰህ ክተተው፣ ከዚያ በጣትህ ወዝወዝ አድርገው። ገና በአዲስነቱ ከላላ እያደር ይብስበታል።
3. ባትሪው መቀየር ይችል እንደሆነ ጠይቅ። ብዙ ጊዜ ሞተሩ ደህና ሆኖ ባትሪው ነው ቀድሞ የሚደክመው።

የምቱ ርዝመት (ራሱ ወጣ ገባ የሚልበት ርቀት) ለቤት ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ይበቃል። ብዙ ዓይነት ራስ አለው ተብሎ ዋጋ ሲጨመርብህ እሺ አትበል። አብዛኛውን ጊዜ የምትጠቀመው ክቡን ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ! ተጠቅመህ እንደጨረስክ፣ እጀታው ገና ትኩስ እያለ ቻርጅ ላይ አትሰካው። እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ። የሊትየም ባትሪን ዕድሜ የሚያሳጥረው ሙቀት ነው፤ ጥሩ ጥሩ ማሽኖች በዚህ የተነሳ ያለጊዜያቸው ሲደክሙ አይቻለሁ። ለወራት የማትነካው ከሆነም ግማሽ ያህል ሞልተህ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጠው።