ስቴክና ድንች በአንድ መጥበሻ፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሐዋሳ ውስጥ ሆቴል ቤት ምግብ የምሠራ ሰው ነኝ። ስቴክና ድንችን በአንድ መጥበሻ ቤት ውስጥ ስለመሥራት ያሻችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር፤ እነሆ መልሱ።

ጥያቄ፦ ልኳንዳ ሄጄ ስቴክ ስል ግራ ይገባቸዋል። ምን ብዬ ልግዛ?

ሽንጥ በይ። ኪስሽ ከፈቀደ ፊሌቶ። ሁለት ጣት ውፍረት ያለው አንድ ወጥ ቁራጭ እንዲሰጥሽ ቢላውን ከማንሳቱ በፊት ንገሪው፤ እጁ የለመደው ለጥብስ መክተፍ ስለሆነ ዝም ካልሽ ከታትፎ ይሰጥሻል።

ጥያቄ፦ ሥጋው እንደ ጫማ ሶል ይጠነክርብኛል። ብዙ ስለማቆየው ነው?

ሊሆን ይችላል። ግን እኛ አገር ዋናው ምክንያት ሥጋው ገና ዛሬ የታረደ መሆኑ ነው። ለጥሬ ሥጋ ትኩስነቱ ነው የሚወደደው፣ ለስቴክ ግን አይሆንም። ከብቱ ከታረደ በኋላ ባሉት ሰዓታት ጡንቻው ይገተራል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሥጋው ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ቀስ እያሉ የሚያላሉት። ስለዚህ ሳህን ላይ አድርገህ፣ ሳትጠቀልል ስስ ነገር ሸፍነህ 2 ቀን ፍሪጅ ውስጥ አሳድረው። ላዩም ደረቅ ይላል፣ እሱም ይጠቅምሃል። መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ከሞቀ ግን አትጠብቅ፣ የዚያኑ ቀን ጥበሰው። ጊዜ ከሌለህ ያልበሰለ ፓፓያ ፍቀህ ቀባውና ግማሽ ሰዓት አቆየው። ከዚያ በላይ ካቆየኸው ይላሽቃል።

ጥያቄ፦ ድንቹ እስኪበስል ሥጋው ያርርብኛል።

አብረው አይገቡም እኮ! ድንች ይቀድማል። የአውራ ጣት ጥፍር በሚያክል መጠን ቁረጪ፣ እጠቢ፣ በጨርቅ አድርቂ። ዘይት፣ ድንች፣ ጨው፣ ትንሽ ውሃ፣ ክዳን። ሹካ ሲገባለት ክዳኑን አንሺና ውሃው ይጥፋ፤ ከዚያ ሳታማስዪ ተይው፣ ቡናማ ቅርፊት ይያዝ። አሁን ድንቹን አውጪና መጥበሻውን በደንብ አግዪ። ጠብታ ውሃ ጣል ስታደርጊበት ተንከባሎ ከሮጠ ደርሷል። ሥጋውን የምትጨምሪው ያኔ ነው። መጀመሪያ ይጣበቃል፣ አትታገይው፤ ቅርፊት ሲይዝ ራሱ ይለቃል። በየጎኑ 4 ደቂቃ ገደማ። አውጥተሽ 5 ደቂቃ አሳርፊው። ሥጋው ጥሎት የሄደው ቡናማ ነገር መጥበሻው ላይ አለ፣ እሱን እንዳታጥቢው! ድንቹን መልሽበት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል ጨምሪና በእሱ አገላብጪው። ለእኔ የዚህ ምግብ ጣዕም ያለው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ቪዲዮ ላይ ድንቹ በ10 ደቂቃ ይበስላል። እኔ ጋ ለምን ይዘገያል?

ሐዋሳ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው እንጂ በ100 አይደለም። ስለዚህ ትንሽ ጊዜ ጨምሩለት፣ ክዳኑንም ቶሎ ቶሎ አትክፈቱ።

ጥያቄ፦ ቅቤ ወይስ ዘይት?

ሁለቱም። ለመጥበሻው ዘይት፣ ቅቤው መጨረሻ ላይ። ያልተነጠረ ቅቤ በዚያ ሙቀት ያርራል። ንጥር ቅቤ ይሻላል፣ የኮረሪማውም ሽታ ከሥጋው ጋር ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ቤተሰቤ ደም ያለበት ሥጋ አይበላም።

ቀይ የሚመስለው ፈሳሽ ደም አይደለም፣ የሥጋው የራሱ ቀለም ከውሃ ጋር ነው። ቢሆንም ኮሶን ለሚፈራ ሰው መሃሉ 63 ዲግሪ መድረስ አለበት። ቴርሞሜትር ከሌለ እሳቱን መካከለኛ አድርጋችሁ፣ ሮዝ ቀለሙ እስኪጠፋ ቆዩ። እሳት ጨምሮ ለማፍጠን መሞከር ላዩን ብቻ ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ ለስድስት ሰው በአንዴ ይቻላል?

አይቻልም። ብዙ ሥጋ ሲገባ መጥበሻው ይቀዘቅዛል፣ ውሃ ያወጣል፣ ከዚያ የምትበሉት ቅቅል ነው። ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ጥበሱ፣ ድንቹ ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ቴፍሎን ብቻ ነው ያለኝ። ከሰል ላይስ?

ቴፍሎን ባዶውን በጣም መጋል የለበትም፣ በመካከለኛ እሳት ሥራበት። ከሰል ግሩም ነው፣ ወፍራም የብረት መጥበሻ ካለህ።

ጥያቄ፦ በሥጋው ፋንታ ዓሣ?

ለምን አይሆንም! እዚህ ሐዋሳ ካለው የአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቆሮሶ (ቲላፒያ) ፊሌቶ አስወጥታችሁ ውሃውን በደንብ አድርቁለት። ድንቹ እንደዚያው ይሠራል፣ ዓሣው ግን በየጎኑ 2 ወይም 3 ደቂቃ ይበቃዋል። ማሳረፍ አያስፈልገውም፣ ሎሚ ጨምቃችሁ ወዲያው ብሉት።